የአንድ ቀን ጉዞ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሸለቆ

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በማለዳ ለተነሣ ደርሶ መልሱ በአንድ ቀን ያልቃል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተው ገዳም የሚገኘው እዚሁ ነው። የሸለቆውን ገደል የቆረጡት የጀማ ወንዝ ገባሮች ናቸው፤ ጀማም ወደ ዓባይ ይፈስሳል።

በአፋፉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ታያላችሁ። ቁጢጥ ብለው ሣሩን በጣቶቻቸው እየነጩ ይበላሉ፤ ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርደው ያድራሉ። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የሚኖር ጭላዳ ስለሌለ በቅርብ ማየቱ ትልቅ ዕድል ነው። ምግብ ግን አትስጧቸው።

ወደ ታች የምትወርዱ ከሆነ ልብ በሉ፦ ሸለቆ ከተራራ ይልቅ ያዘናጋል፤ ቁልቁለቱ ቀድሞ ዳገቱ የሚመጣው ጉልበት ከደከመ በኋላ ነውና። ስለዚህ ለመውረድ አንድ ሰዓት ከፈጀባችሁ ለመመለሻ ሁለት ሰዓት ያዙ። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ ስለሚጨምር ለመመለሻ የሚሆን ውሃም አስተርፉ።

በክረምት ጉዞውን ብታቆዩት ይሻላል። ከሄዳችሁ ግን ከራሳችሁ በላይ ያለው ሰማይ ቢጠራም በደጋው የጣለ ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላልና የወንዙ ውሃ ከደፈረሰ አትሻገሩ።