የፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ሰዓት፦ የሰርቨር ጥያቄ ፍሰትን በፓይተን ማስመሰል

በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት 896,520 ተፈታኞችን የሚመለከት ነበር። እያንዳንዱ ተፈታኝ ውጤቱን በድረ ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠይቅና ጥያቄዎቹ በ24 ሰዓት ውስጥ ተበታትነው ቢመጡ፣ ለሰርቨሩ በሰከንድ በአማካይ 10.4 ጥያቄዎች ይደርሱታል ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ፍሰት ለመግለጽ የተለመደው የፖይሰን ስርጭት ነው፤ ዴንማርካዊው ኤርላንግ በ1909 እ.ኤ.አ. የስልክ ጥሪዎችን የገለጸው በዚሁ ነበር። በሞዴሉ መሠረት በሁለት ጥያቄዎች መካከል ያለው ጊዜ የኤክስፖኔንሻል ስርጭትን ይከተላል። በፓይተን የኑምፓይ ቤተ መጻሕፍት እነዚህን ክፍተቶች በዘፈቀደ ያመነጫል፤ ክፍተቶቹ በተከታታይ ሲደመሩ የመድረሻ ሰዓቶች ይገኛሉ። ውጤቱ የሚያጽናና ይመስላል፦ መደበኛ ልይይቱ 3.2 ገደማ ስለሆነ፣ በሰከንድ 30 ጥያቄ የሚያስተናግድ ሰርቨር ቀኑን ሙሉ ሳይጨናነቅ ይውላል።

ችግሩ ያለው ፍጥነቱ አይለዋወጥም በሚለው ታሳቢ ላይ ነው። እብናት ያለ ተፈታኝና ደብረ ታቦር ያለ ጓደኛው ባይመካከሩም እንኳ «ውጤት ተለቀቀ» የሚለውን ወሬ የሚሰሙት በተቀራረበ ሰዓት ነው። ከጥያቄዎቹ ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ቢመጡ ፍጥነቱ በሰከንድ 249 ይሆናል። ያው ሰርቨር ግማሽ ሰዓቱ ሲያበቃ 394,000 ያህል ጥያቄዎች ተሰልፈው ይጠብቁታል፤ ቀሪዎቹ ጥያቄዎች በእኩል ተበታትነው ቢመጡ እንኳ ሰልፉ የሚያልቀው ከአራት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው። የቀኑ አማካይ ግን አሁንም 10.4 ነው!

ተለዋዋጭ ፍጥነትን ለማስመሰል ሉዊስና ሼድለር በ1979 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የማሳሳት ዘዴ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ጥያቄዎች በከፍተኛው ፍጥነት ይመነጫሉ፤ ከዚያም ገበሬ ጥቅጥቅ ያለ ቡቃያ እንደሚያሳሳ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ የሰዓቱ ፍጥነት ለከፍተኛው ሲካፈል በሚገኘው ዕድል መጠን እንዲቀር ወይም እንዲወገድ ይደረጋል።

ይህም ቢሆን ሙሉ አይደለም፤ አራት ሰዓት በትዕግሥት የሚጠብቅ ተፈታኝ የለምና። ገጹ እምቢ ሲለው ደጋግሞ ይጫናል፤ ያኔ የጥያቄው ብዛት በራሱ በሰርቨሩ ሁኔታ ላይ ይመሠረታል። አስቀድሞ የተዘጋጀ የሰዓት ዝርዝር ይህን ሊያሳይ ስለማይችል እንደ ሲምፓይ ያለ ክስተት ተኮር መሣሪያ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ወሳኙ የድጋሚ ሙከራው ቆይታ ነው። ሁሉም ልክ ከ5 ሰከንድ በኋላ ቢመለሱ ማዕበሉ እንዳለ ይመለሳል፤ ቆይታው ከኤክስፖኔንሻል ስርጭት ቢወሰድና ከያንዳንዱ ውድቀት በኋላ አማካዩ በእጥፍ ቢጨምር ግን ጥያቄዎቹ ይበታተናሉ።