ሳይቃጠል በቅጠል፦ ፓወር ሰፕላያችንን ከኃይለኛ መብራት እናድን

ጀነሬተር ሲነሳ ወይም የጠፋው መብራት ድንገት ሲመጣ ‹‹ጧ!›› የሚል ድምፅ ሰምተን፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር የሸተተን ብዙዎች ነን። አንድ ኮምፒውተር ሲቃጠል በወረፋ የሚማሩት ሁሉ ይጎዳሉ፤ መለዋወጫውም እኛ ባለንበት ቶሎ አይገኝም። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ የሚቃጠለው ኮምፒውተሩ ሳይሆን ፓወር ሰፕላዩ ነው። ለምን?

በኬንያ ከሶኬት የሚመጣው 240 ቮልት ነው። ይህ የሞገዱ ጫፍ አይደለም፤ ጫፉ 240 በ1.41 ሲባዛ ወደ 340 ይጠጋል። ፓወር ሰፕላዩ ይህንን ወደ ዲሲ ለውጦ ካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅማል። ከዚያ ትራንዚስተር በሰከንድ በብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እያበራና እያጠፋ በትንሽ ትራንስፎርመር አሳልፎ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ያወጣል። ካፓሲተሮቹ በአብዛኛው የሚችሉት እስከ 400 ቮልት ገደማ ነው። እንግዲህ ትርፉ ብዙ እንዳልሆነ ልብ በሉ።

የመብራት መብዛት ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ከዓይን ጥቅሻ በፊት መጥቶ የሚሄድ ነው። መብረቅ ወይም ትልቅ ሞተር ሲጠፋ ያመጣዋል። ይህንን የሚከላከለው ቫሪስተር የሚባል፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ዕቃ ነው። ቮልቱ ልክ ሲሆን ዝም ይላል፤ ሲበዛ ግን ኃይሉን ወደ ራሱ ይስባል። 431 የሚል ከተጻፈበት 430 ቮልት አካባቢ ሥራ ይጀምራል ማለት ነው። ነገር ግን በተመታ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል።

ሁለተኛው ለሰከንዶች ወይም ለደቂቃዎች የሚቆይ ነው። ለምሳሌ በሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራሉ ሲበጠስ በአንዳንድ ሶኬቶች ቮልቱ ወደ 400 ሊጠጋ ይችላል። እዚህ ላይ ቫሪስተሩ አይችልም፤ ግሎ ይቃጠላል። የሚያድነን ከፊቱ ያለው ፊውዝ ነው። ፊውዙን በሽቦ የተካ ሰው ግን ይህንን በር ዘግቶታል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

1. ጀነሬተር ከመነሳቱ በፊት ሶኬቱን እንንቀል። ተነስቶ ከተረጋጋ በኋላ በቴስተር ለክተን፣ ከ220 እስከ 250 ከሆነ እንሰካ። መብራት ሲጠፋም ወዲያው እንንቀል፤ ሲመለስ አምስት ደቂቃ እንታገስ። መብረቅ ሲኖርም እንዲሁ።

2. መከላከያ ያለው ዲቫይደር እንጠቀም፤ የመሬት ሽቦው መያያዙን እናረጋግጥ። ለረጅሙ ዓይነት ግን ቮልት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል።

3. ፊውዝ ሲቃጠል በዚያው አምፔር እንተካ። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ትራንዚስተሩ ሳይሞት አይቀርምና ደጋግመን አንሞክር።

4. በአሮጌ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ ያለው ቀይ መቀየሪያ 230 ላይ ይሁን። 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ይፈነዳል።

5. ተነቅሏል ብለን ክዳኑን አንክፈት። ካፓሲተሩ ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚጎዳ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቀው የመጀመሪያው ነው። በየክፍሉ ሶኬት የሚነቅል ተረኛ ተማሪ ቢመደብ ብዙ ኮምፒውተር እናተርፋለን።