ብርድን በደስታ የምትቀበል ከተማ

ሰው የሚኖርበትን አገር አየር መለወጥ አይቻለውም፤ በዚያ አየር ውስጥ እንዴት እንደሚኖር መምረጥ ግን ይቻለዋል። ለዚህ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት የምትገኘው የሴንት ፖል ከተማ መልካም ምሳሌ ትሆነናለች። እኛ ክረምት ስንል ዝናቡንና ጭቃውን እናስባለን፤ በዚያ ግን ክረምት ማለት ሐይቁ ደርቆ ድንጋይ የሚሆንበት፥ ብርዱም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስበት ወራት ነው።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ከተማዪቱን ሁለተኛ ሳይቤሪያ ናት፥ በክረምት ለሰው መኖሪያ አትሆንም ብሎ ነቀፋት። ነዋሪዎቹ ግን ስድብን በስድብ አልመለሱም። የካናዳዋ ሞንትሪያል በዚያ ዘመን በፈንጣጣ ምክንያት የክረምት በዓልዋን አቋርጣ ነበርና፥ የበረዶ ግንብ የሚያውቁትን ባለሙያዎች ከዚያ አስመጥተው በ1886 ዓ.ም. ቁመቱ 32 ሜትር ያህል የሆነ ቤተ መንግሥት ከግግር በረዶ አሠሩ። በዓሉ አንዳንድ ጊዜ ቢቋረጥም እስከ ዛሬ ይከበራል። ጊዜውም ጥር ውስጥ፥ ከጥምቀት ጥቂት ቀን በኋላ ነው። የበረዶው ቤተ መንግሥት ግን ወጪው ብዙ ስለ ሆነ በየዓመቱ አይሠራም፤ በ1986፥ በ1992፥ በ2004 እና በ2018 ዓ.ም. ተሠርቷል።

ለቤተ ሰብ የተዘጋጀው ጨዋታ ብዙ ነው። በራይስ ፓርክ ከበረዶ የተቀረጹ ምስሎች ይታያሉ። የሰሜን ነፋስ ንጉሥ የሚባለው ቦሪያስ ከእሳቱ ንጉሥ ከቮልካነስ ጋር ይጣላል፤ በመጨረሻም በችቦ ሰልፍ እሳቱ ብርዱን ያሸንፈዋል። ስሞቹ ከጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ተረት የተወሰዱ ናቸው፤ ታሪኩም ለልጆች እንደ ተረት ይነገራቸዋል። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የከተማው ጋዜጣ በመናፈሻ ውስጥ ሜዳልያ ያስደብቃል፤ ምልክቱንም በየቀኑ በግጥም ያወጣል። አባትና ልጅ ግጥሙን እንደ ቅኔ ሰምና ወርቁን እየለዩ፥ አካፋ ይዘው በረዶውን ሲቈፍሩ ይውላሉ።

በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ብርዱን ፈርታ ልጆችዋን ወራቱን ሁሉ በቤት የምትዘጋ እናት ብትኖር አንፈርድባትም። ነገር ግን ልጅ የሚያድግበትን አገር በመስኮት ብቻ እያየ ቢያድግ፥ ባገሩ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለወላጆች ይህን እንመክራለን። ልብሱ አንድ ወፍራም ከሚሆን ተደራራቢ ይሁን፤ ጆሮ፥ ጣትና እግር በደንብ ይሸፈኑ፤ ካልሲው ከረጠበ ወዲያው ይለወጥ። የልጁ ጣት ወይም ጆሮ ከደነዘዘና ከነጣ፥ ሳይታሽ ቶሎ ወደ ሞቀ ቤት ይግባ፤ ስሜቱ ካልተመለሰም ሐኪም ይየው።

እንዲህ ከተጠነቀቁ ግማሽ ሰዓት እንኳ በቂ ነው። ልጆቹ ጉንጫቸው ቀልቶ ሲመለሱ ትኩስ ሻይ ይጠብቃቸው፤ ስላዩትም ነገር በአማርኛ ይጠየቁ። ያን ጊዜ የበረዶው አገርም የወላጆቻቸው ቋንቋም የእነርሱ ይሆናል።