ካፒቴኑ በእኛ ሚዛን ነው የሚሄደው

የዛሬው የቡናና የእህል ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል። እስከዚያው ከዋጋው ጀርባ ስላለ፣ ስሙን እንኳ ስለማናውቀው ሰው ትንሽ ላውራ።

«መርከቧ ምን ሆና ዘገየች?» ብሎ ያልደወለ ኤክስፖርተር ያለ አይመስለኝም። እኔም ደዋይ ነኝ። ገዢ እኛን ያዋክባል፣ እኛ ትራንዚተሩን፣ ትራንዚተሩ የመርከብ ወኪሉን። የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለው ካፒቴን ግን ከጭነታችን በፊት የሚያስብላቸው ሃያ ምናምን ሰዎች አሉት።

እኛ የቀይ ባህርን ጥቃት ያወቅነው በፍሬትና በኢንሹራንስ ጭማሪ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2024 ሩቢማር የተባለች መርከብ 21 ሺህ ቶን ገደማ ማዳበሪያ እንደጫነች በሚሳይል ተመታች። ዩኒየኖች፣ ይሄ ስንት ማሳ እንደሚሸፍን እናንተ ታውቃላችሁ። 24ቱ መርከበኞች ጥለዋት ወጡ፤ የተወሰዱትም ቡናችን ወደሚጫንበት ጅቡቲ ነበር። መርከቧ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ሰጠመች። «ውጡ» ብሎ ማዘዝ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ካፒቴን ቀድሞ ካዘዘ ያን ሁሉ ንብረት ለምን ተውክ ይባላል፤ ከዘገየ ሰው ይሞታል።

ሶላስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የባህር ደህንነት ስምምነት፣ ካፒቴኑ ለሰው ሕይወት ሲል የሚወስነውን ባለቤቱም ሆነ መርከቧን የተከራየው እንዳይከለክሉት ይላል። መብት ነው፣ ግን በኋላ የሚጠየቀውም እሱ ነው ማለት ነው።

ወደ እኛ ሥራ የሚመጣው ግን ይሄኛው ነው። ጃንዋሪ 2007 ኤም.ኤስ.ሲ ናፖሊ የምትባል የኮንቴይነር መርከብ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ማዕበል ላይ ሳለች ጎኗ ተሰነጠቀ። ካፒቴኑ ሁሉንም በነፍስ አድን ጀልባ አስወጣ፤ 26ቱም በሄሊኮፕተር ተረፉ። በኋላ ዴክ ላይ ከነበሩት፣ ውኃ ካልነካቸው 660 ገደማ ኮንቴይነሮች 137ቱ ላኪው ከጻፈው ክብደት ከ3 ቶን በላይ ልዩነት ተገኘባቸው። አንዱ እንዲያውም በ20 ቶን! መርማሪዎቹ መርከቧን የሰበራት ይሄ ብቻ ነው አላሉም፤ የነበራትን መጠባበቂያ አቅም ግን ቀንሶታል። ካፒቴኑ ኮንቴይነር ከፍቶ አያይም እኮ። ሚዛኗን የሚያሰላው እኛ በጻፍነው ቁጥር ነው።

ከጁላይ 1 ቀን 2016 ጀምሮ የተረጋገጠ ክብደት ያልቀረበለት ኮንቴይነር አይጫንም የተባለው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ግን ምን ይደረጋል? 320 ጆንያ በ60 ኪሎ 19.2 ቶን፣ የጆንያውንና የኮንቴይነሩን ጨምር፣ በቃ። አንዳንዴ የባለፈው ሺፕመንት ወረቀት ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ይላካል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ አልደብቅም። ሰሊጥና ማሾ ላይ ደግሞ «ትንሽ ትጨመር» የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

አንድ ጊዜ የኤልሲው የመጫኛ ቀን በሁለት ቀን አለፈብን። ደንበኛዬ የቢል ኦፍ ሎዲንጉን ቀን ወደ ኋላ እንዳስደርግለት ለመነኝ፤ እኔም ለመርከብ ወኪሉ ደወልኩ። ሁለት ቀን ማንን ይጎዳል ብዬ ነበር። «እኔ የምፈርመው ካፒቴኑን ወክዬ ነው። በዚያ ቀን ጭነታችሁ መርከብ ላይ አልነበረም፤ እሱ ነበር ብሎ እንዲመሰክር ነው የምትፈልገው?» አለኝ። ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁበት። ኤልሲው እስኪሻሻል ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ገዢውም ዋጋ አስቀነሰን። ኮሚሽኔ ከዚያ ውስጥ ሄደ።

አሁን ከሌላ ወኪል ጋር አልሠራም።