ከጣና ዳርቻ እስከ ራስ ደጀን፦ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስሕቦችና የጉብኝት መስመሮች

የአማራ ክልል ርዕሰ ከተማ የሆነችው ባሕር ዳር የስብሰባና የሥልጠና ከተማ በመሆን ትታወቃለች። ከፌዴራልና ከክልል መሥሪያ ቤቶች ለሥራ ወደ ከተማዋ የሚመጣ ሠራተኛ የስብሰባው መርሐ ግብር ሲጠናቀቅ በጣና ዳርቻ ነፋስ ይቀበላል፤ ጊዜ ካገኘም በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት ይሻገራል፤ ወይም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ይመለከታል። ከዚያም ወደ መጣበት ይመለሳል። ከዚሁ ሐይቅ በስተሰሜን፣ ከአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ባልበለጠ ርቀት ላይ የሚገኘውንና በዓለም ሌላ ቦታ የማይታይ እንስሳ የሚኖርበትን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ግን ከውጭ አገር ጎብኚ ይልቅ በቅርብ የሚኖረው ዜጋ ሳያየው ይቀራል። "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከባሕር ዳር ተነስቶ በሐይቁ ምሥራቃዊ አቅጣጫ የሚያልፈው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጎንደር ይደርሳል። ከጎንደር በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲታለፍ ደግሞ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት የደባርቅ ከተማ ይገኛል። ደባርቅ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ ከተራሮቹ ሁሉ የሚልቀው ራስ ደጀን 4,533 ሜትር ይደርሳል። ተጓዡ በዚህ አንድ መስመር ብቻ ከሐይቅ ዳር የለዘበ አየር ተነስቶ በሌሊት ውርጭ እስከሚጥልበት ውርጫማ ሥፍራ ይዘልቃል።

ፓርኩ እንዴት ተቋቋመ?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1978 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባሕል ድርጅት (ዩኔስኮ) የዓለም ቅርሶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘግብ ከተመረጡት 12 ቦታዎች መካከል ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ። አንደኛው የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሲሆን፣ ሁለተኛው ይኸው ፓርክ ነው።

ተራሮቹ የተፈጠሩት ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ውስጥ ፈልቆ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከዚያ በኋላ ዝናብና ወንዝ ለረጅም ዘመናት ሸርሽሮ አሁን የሚታየውን ገጽታ ሰጣቸው። በአንዳንድ ቦታዎች ገደሉ ቁልቁል 1,500 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከገደሉ ሥር በቆላው ላይ የቆሙት ሹል ዐለቶች ከላይ ሆኖ ለሚመለከታቸው የፈረሱ ግንቦችን ይመስላሉ።

የውኃው አካሄድም ትኩረት የሚስብ ነው። ከሰሜን ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ጣና አይገቡም፤ ወደ ተከዜ ይፈስሳሉ። ዓባይ ከጣና ተነስቶ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ሲገናኝ፣ ተከዜ ደግሞ አትባራ በሚል ስም ከካርቱም በስተሰሜን ከዋናው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በመሆኑም የተራሮቹ አፈርና ሣር መጠበቅ ወይም መራቆት ውጤቱ በአንድ ወረዳ የሚወሰን አይደለም።

በፓርኩ የሚገኙ ብርቅዬ እንስሳት

የብሔራዊ እግር ኳስ ቡድናችን መጠሪያ የሆነው ዋልያ በዱር የሚኖረው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። ወንዱ ወደ ኋላ በቆለመሙ ረጃጅም ቀንዶቹ ይለያል። ዋልያ ሰውና ከብት በማይደርሱበት የገደል ጫፍ ላይ ይሰማራል። እንስት ዋልያ በአብዛኛው በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል በመሆኑ ቁጥሩ አንድ ጊዜ ከቀነሰ በቶሎ አያገግምም። አሁን በሕይወት ያሉት ዋልያዎች በመቶዎች ብቻ የሚቆጠሩ ናቸው።

ሁለተኛው እንስሳ ጭላዳ ነው። ጭላዳ ከሌሎች የዝንጀሮ ዘሮች የሚለየው ዋና ምግቡ ሣር በመሆኑ ነው። በደረቱ ላይ በሚታየው ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ በቀላሉ ይታወቃል። ቀኑን በሜዳው ላይ በመቶዎች እየሆነ ሲግጥ ይውላል፤ ሲመሽ ደግሞ ከነብርና ከጅብ ለመሸሽ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል። ከሰው ጋር የተላመደ በመሆኑ ጎብኚው በጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ ተቀምጦ ሊመለከተው ይችላል። ይሁንና ምግብ መስጠትም ሆነ መንካት ክልክል ነው።

ቀይ ቀበሮ በአንጻሩ በቀላሉ አይገኝም። በመላ ኢትዮጵያ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ ሲሆን፣ በሰሜን ተራሮች ያሉት ከዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ናቸው። ለዚህ እንስሳ ዋነኛ ሥጋት ከሆኑት አንዱ ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በመሆኑም በፓርኩ አዋሳኝ ቀበሌዎች ውሾችን ማስከተብ የሰውንም የቀበሮንም ሕይወት የሚያድን ተግባር ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ ሰስ፣ ድኩላና ነብር በፓርኩ ይኖራሉ። አጥንት ከከፍታ ወደ ዐለት እየጣለ ሰባብሮ የሚመገበው ጢማም አሞራ በገደሎቹ አፋፍ ሲያንዣብብ ይታያል። ከዕፅዋት አስታ፣ ጓሳና በአምባዎቹ ላይ እንደ ዘብ ተራርቆ የቆመው ጅብራ ይጠቀሳሉ።

የእግር ጉዞ መስመሮች

ማንኛውም ጎብኚ በቅድሚያ በደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ይመዘገባል፤ የመግቢያ ክፍያም ይፈጽማል። አብሮት የሚጓዝ የታጠቀ ስካውት ይመደብለታል። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና ጓዝ የሚጭኑ በቅሎዎች ከባለቤቶቻቸው ጋር በዚያው ይገኛሉ። እነዚህ አገልግሎት ሰጪዎች በማኅበር ተደራጅተው በተራ የሚሠሩ የአካባቢው ነዋሪዎች በመሆናቸው ጎብኚው የሚከፍለው ገንዘብ በቀጥታ ለገበሬው ቤተሰብ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ማደሪያ 3,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ሳንቃበር ነው። ከዚህ ወደ ግጭ የሚወስደው የአንድ ቀን ጉዞ በጅንባር ፏፏቴ ትይዩ ያልፋል። ፏፏቴው ክረምቱ እንዳለቀ በሙሉ ኃይሉ ወደ ጥልቁ ሸለቆ ሲወርድ ይታያል፤ በበጋው መጨረሻ ግን ውኃው ይሳሳል።

ከ3,600 ሜትር በላይ ካለው የግጭ አምባ ተነስቶ ወደ እመት ጎጎ የሚደረገው ጉዞ ብዙዎች የፓርኩ ምርጥ ዕይታ የሚሉትን ያስገኛል። እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በሦስት በኩል በገደል የተከበበ ነው። ከዚያ ወደ ጨነቅ የሚያመራው መንገድ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ ይሄዳል። ጨነቅ ዋልያን ለማየት የተሻለ ዕድል የሚገኝበት ሥፍራ ነው። በተለይ ማለዳ፣ ፀሐይ ዐለቱን ማሞቅ ስትጀምር፣ ዋልያዎች ከገደሉ ወጥተው ሲግጡ ይታያሉ። በእግር ለመሄድ ጊዜም ሆነ አቅም የሌለው ጎብኚ ከደባርቅ እስከ ጨነቅ በመኪና ሊደርስ ይችላል።

ከጨነቅ በላይ ከ4,400 ሜትር የሚልቀው የቧሂት ተራራ አለ። ራስ ደጀንን ለመውጣት የሚፈልግ ቧሂትን ተሻግሮ፣ የመሻሃን ሸለቆ አቋርጦ፣ አምብቆ አድሮ ከንጋት በፊት ይነሳል። መውጣትና መመለሱ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ልዩ የተራራ መውጫ መሣሪያ የሚጠይቅ ባይሆንም ብርቱ ጉልበትና ትዕግሥት ይሻል።

በታሪክና በእምነት ጉዳዮች ላይ ለሚያተኩር ጎብኚም ሥፍራው ብዙ የሚሰጠው አለው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዜማው ሊቅ ቅዱስ ያሬድ የሕይወቱን ፍጻሜ ያሳለፈው በእነዚሁ ተራሮች ሲሆን፣ ከከፍተኞቹ ጫፎች አንዱ በስሙ ይጠራል። ከደባርቅ ወደ አድርቃይ ቁልቁል የሚጠማዘዘው የሊማሊሞ መንገድም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀየሰ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ በአሽከርካሪዎች ዘንድ በአስፈሪነቱ ይታወቃል።

ለጉብኝት የሚመረጠው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ያለው ነው። በመስከረምና በጥቅምት ምድሩ በአበባና በለምለም ሣር ይሸፈናል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ የጠራ ቢሆንም ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል። በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ከባሕር ዳር የተነሳ ሰው በአንድ ቀን ጨነቅ ከመድረስ ይልቅ ጎንደር ወይም ደባርቅ ቢያድር ይመረጣል። ውኃ አዘውትሮ መጠጣትና በዝግታ መራመድ ያስፈልጋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ትንፋሽ ማጠር ሲበረታ ብቸኛው አስተማማኝ መፍትሔ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው።

የ21 ዓመታት ሥጋትና ትምህርቱ

ፓርኩ እዚህ የደረሰው ያለ ፈተና አልነበረም። በ1980ዎቹ በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ከጥበቃ ውጪ ሆኖ ቆይቷል። ከዚያም የዋልያ ቁጥር መመናመን፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት እንዲሁም ፓርኩን አቋርጦ የተሠራው መንገድ ተደማምረው እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኔስኮ "በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች" መዝገብ ውስጥ አሰፈረው።

ከመዝገቡ ለመውጣት 21 ዓመታት ፈጅቷል። በእነዚህ ዓመታት መንደሮች የሚገኙባቸው ቦታዎች ከፓርኩ ወሰን ውጪ እንዲሆኑ ተደርጓል፤ ራስ ደጀንን ጨምሮ ለእንስሳቱ መኖሪያነት የሚያገለግሉ ተራሮች ወደ ወሰኑ ተጠቃለዋል። በዚህም ቀድሞ 136 ኪሎ ሜትር ካሬ የነበረው ስፋት ወደ 412 ኪሎ ሜትር ካሬ አድጓል። ፓርኩን አቋርጦ በሚያልፈው መንገድ ምትክም በሌላ አቅጣጫ የሚያልፍ መንገድ ተቀይሷል። በፓርኩ እምብርት በነበረው የግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ አባወራዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ፓርኩን ከአደጋው መዝገብ ሰርዞታል።

ይህ ስኬት በነጻ የተገኘ አይደለም። በገብስ እርሻና በበግ እርባታ የኖረ ደጋማ ገበሬ ከአያቶቹ መንደር ተነስቶ የከተማ ኑሮን ሲጀምር የሚያጣው መሬትን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም ጭምር ነው። የካሣ ገንዘብ ያልቃል፤ ዘላቂ መተዳደሪያ ካልተተካ ግን ችግሩ ተመልሶ ወደ ፓርኩ ይመጣል። የጥበቃው ጽናት የሚለካውም በዚህ ነው።

ከ2017 ወዲህ ያሉት ዓመታትም ሌላ ፈተና አምጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በፓርኩ የተነሳው እሳት ሰፊ የጓሳና የአስታ መሬት ያወደመ ሲሆን፣ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ሲከላከለው ከቆየ በኋላ ከኬንያ በመጣ ሄሊኮፕተርና ከእስራኤል በመጡ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ጭምር ታግዞ ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ የጎብኚዎችን ጉዞ አቋረጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የተጀመረውና እስከ ኅዳር 2022 የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት፣ እንዲሁም ከ2023 ወዲህ በክልሉ የተከሰተው ግጭት የቱሪዝሙን ገቢና የጥበቃውን ሥራ ክፉኛ ጎድተዋል። በእነዚህ ዓመታት የተካሄዱ ቆጠራዎች የዋልያ ቁጥር ማሽቆልቆሉን አመልክተዋል። በመሆኑም ጎብኚው ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ሁኔታ ከሚመለከታቸው አካላት ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ብዙውን ጊዜ የፓርኩ ጉዳይ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። ይሁን እንጂ ከላይ የተዘረዘሩት ችግሮች መነሻቸው በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የሚያልፉ ውሳኔዎች ናቸው። መንገድ የሚቀይሰው ባለሙያ፣ የግጦሽ መሬትና የመኖ ልማትን የሚመራው የግብርና ሠራተኛ፣ የይዞታ ማረጋገጫ የሚሰጠው የመሬት አስተዳደር ባለሙያ፣ ውሾችን የሚያስከትበው የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ለተፈናቃዩ ወጣት ሥልጠናና ብድር የሚያመቻቸው የሥራ ዕድል ፈጠራ ጽሕፈት ቤት ሁሉ የዋልያን ዕድል የሚወስኑ ናቸው። ከውሳኔዎቹ መካከል በርካቶቹ የሚፈረሙት በጣና ዳር በምትገኘው ባሕር ዳር ነው።

የጣና ሐይቅና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራነት ተመዝግቧል። በጎንደር የሚገኘው የፋሲል ግቢ ደግሞ ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ከባሕር ዳር የሚነሳ ተጓዥ በአንድ መስመር ላይ ሦስቱን ማየት መቻሉ ለአካባቢው ትልቅ ጸጋ ነው። ሐይቅ ቢጎድል በክረምት ይሞላል፤ ግንብ ቢሰነጠቅ ይጠገናል። ዋልያ ግን ከሰሜን ተራሮች ከጠፋ ከሌላ አገር ተፈልጎ አይመጣም። ስለሆነም ቦታውን ማወቅና መጎብኘት፣ ከዚያም በየተሰማሩበት የሥራ ዘርፍ የሚወስኑትን ውሳኔ ከዚህ አንጻር መመዘን ከሁሉም የመንግሥት ሠራተኛና ኃላፊ የሚጠበቅ ተግባር ነው።