ሽቦው ቢቀርም ውሉ አልቀረም፤ የሽቦ አልባ ቴርሞስታት ገበያ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2025 በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ በብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ክብ ዕቃ ከባለቤቱ የእጅ ስልክ ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ። ዕቃው አልተሰበረም፤ ባትሪውም አላለቀም። ግንኙነቱን ያቋረጠው ራሱ አምራቹ ነው። ጉግል፣ ኔስት በሚል የንግድ ስም የተሸጡትን የመጀመሪያና የሁለተኛ ትውልድ ቴርሞስታቶች ከዚያን ቀን ጀምሮ መደገፍ እንደሚያቆም አስቀድሞ በኤፕሪል ወር አስታውቆ ነበር። ዕቃዎቹ ቤት ማሞቃቸውን አላቆሙም። ባለቤቱ ግድግዳው ድረስ ሄዶ በእጁ ሊያዛቸው ይችላል። ከቢሮ ወይም ከመንገድ ላይ ሆኖ በስልክ ማዘዝ ግን ቀረ። ብዙዎቹ ገዢዎች ደግሞ ገንዘባቸውን ያወጡት ለዚሁ አገልግሎት ሲሉ ነበር።

ጉዳዩ የአንድ ኩባንያና የደንበኞቹ ብቻ አይደለም። የቤት ማሞቂያን በሽቦ አልባ ቴርሞስታት ማሻሻል ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች የገቡበት ገበያ ነው። በዚህ ገበያ ውስጥ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው። የገዛው ዕቃውን ነው ወይስ የሻጩን መልካም ፈቃድ?

የመቶ አርባ ዓመት ንግድ

ቴርሞስታት የክፍሉን ሙቀት ለክቶ ማሞቂያውን የሚያስነሳና የሚያቆም ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ከዚህ የበለጠ ምስጢር የለውም። የዊስኮንሲኑ መምህር ዋረን ጆንሰን ለኤሌክትሪክ የክፍል ቴርሞስታት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1883 ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሚልዋኪ ከተማ ያቋቋመው ድርጅት ዛሬ ጆንሰን ኮንትሮልስ የሚባለው ነው። በዚያው በ1885 በሚኒያፖሊስ ከተማ አልበርት በትዝ የተባለ ሰው የከሰል ምድጃን የአየር በር በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ ሠራ። የእርሱ ድርጅት የስምና የባለቤት ለውጥ ካሳለፈ በኋላ በ1927 ከማርክ ሃኒዌል ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ሃኒዌል የሚለውን ስም ያዘ።

ይኸው ኩባንያ በ1953 ለገበያ ያቀረበው ክብ ቴርሞስታት፣ ሄንሪ ድራይፈስ የተባለው ንድፍ አውጪ ቅርጽ የሰጠው፣ በአሜሪካ ቤቶች እጅግ የተለመደ ዕቃ ሆነ። በውስጡ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ጥቅልልና ሜርኩሪ ያለበት ትንሽ ብርጭቆ ነበረው። ሙቀት ሲቀንስ ጥቅልሉ ይጠመዘዛል፤ ብርጭቆው ያዘነብላል፤ ሜርኩሪው ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ያገናኛል፤ ማሞቂያው ይነሳል። አንድ ጊዜ የተሰቀለ ዕቃ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግል ነበር። ሻጩ ቢከስር ወይም ቢሸጥ ገዢው አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም ነበር። ንግዱ በሽያጩ ዕለት ይዘጋ ነበርና።

“ሽቦ አልባ” ሁለት ዓይነት ነው

በገበያው ላይ “ሽቦ አልባ” የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን ይሸፍናል። ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው በእንግሊዝና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ለረዥም ጊዜ የቆየው ነው። በባትሪ የሚሠራ ቴርሞስታት ሳሎን ውስጥ ይቀመጣል። ቦይለሩ አጠገብ ደግሞ አንድ መቀበያ ሣጥን ይገጠማል። ሁለቱ በሬዲዮ ሞገድ ይነጋገራሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ግድግዳ ሰብሮ አዲስ ሽቦ መሳብ ይቀራል፤ ቴርሞስታቱም ከቀዝቃዛ ኮሪደር ወጥቶ ቤተሰቡ ወደሚቀመጥበት ክፍል ይዛወራል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ሻጩም ከሽያጩ በኋላ በቤቱ ውስጥ ምንም ሥልጣን የለውም።

ሁለተኛው ዓይነት በቤቱ ኢንተርኔት በኩል ሩቅ ከሚገኝ የኩባንያ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ነው። የካናዳው ኢኮቢ፣ የጀርመኑ ታዶ፣ የብሪቲሽ ጋዝ ንብረት የሆነው ሃይቭ፣ የጉግሉ ኔስት ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ባለቤቱ በስልኩ ሲያዝ ትእዛዙ በቀጥታ ወደ ግድግዳው አይሄድም። መጀመሪያ ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ይደርሳል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ቤቱ ይገባል። ከቤቱ ማዶ ያለው ይህ ኮምፒውተር ቢዘጋ ወይም ኩባንያው አገልግሎቱን ቢያቆም፣ የዕቃው ግማሽ ዋጋ አብሮ ይጠፋል።

ሂሳቡ ምን ይላል?

ሻጮች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሱት ቁጠባን ነው። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር እንደሚያስረዳው፣ በቀን ለ8 ሰዓት ያህል የቤቱን ሙቀት ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት (ከ4 እስከ 5.5 ሴንቲግሬድ ገደማ) ዝቅ የሚያደርግ ቤተሰብ በዓመት የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ወጪውን እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ቁጠባ የሚመጣው ሙቀቱን ዝቅ ከማድረግ እንጂ ከዕቃው ዓይነት አለመሆኑን ነው። ማታ ሲተኛና ጠዋት ሲወጣ በእጁ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ያለ አንዳች ወጪ ያገኘዋል።

ችግሩ ሰው ይረሳል። በሰዓት የሚሞሉት የቀድሞዎቹ ቴርሞስታቶች ለዚህ መፍትሔ ይሆናሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ የአሜሪካ መንግሥት ኢነርጂ ስታር የተባለውን የቁጠባ ምልክት ከእነዚህ ዕቃዎች ላይ በ2009 መጨረሻ አነሳ። ብዙ ሰዎች ሰዓቱን በአግባቡ ስለማይሞሉት የተባለው ቁጠባ በተግባር አልታየም ነበርና። ምልክቱ የተመለሰው በ2017 ለኢንተርኔት ቴርሞስታቶች ነው፤ በዚህ ጊዜ መለኪያው በቤቶች ውስጥ የተመዘገበው ውጤት ሆነ። በመርሐ ግብሩ ግምት አማካዩ ቁጠባ 8 በመቶ ገደማ ወይም በዓመት 50 ዶላር ያህል ነው።

እንግዲህ ነጋዴ እንደሚያሰላው እናስላ። ኔስት በ2011 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 249 ዶላር ነበር። በዓመት 50 ዶላር ቢቆጥብ ገንዘቡ የሚመለሰው በአምስት ዓመት ነው። በ2020 የወጣው ርካሽ ዓይነት 130 ዶላር ስለነበር በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይመልሳል። በሁለቱም ስሌት ዕቃው አያከስርም። የመጀመሪያው ትውልድ አሥራ አራት ዓመት፣ ሁለተኛው ደግሞ አሥራ ሦስት ዓመት አገልግሎት አግኝቷል። ነገር ግን በ2011 የገዛና በ2022 በችርቻሮ መደብር መደርደሪያ ላይ ያገኘውን አሮጌ ዕቃ የገዛ እኩል አይደሉም። አገልግሎቱ የሚቆጠረው ዕቃው ከተሠራበት እንጂ ከተገዛበት ቀን አይደለምና።

ገንዘቡ ያለው የት ነው?

ጉግል ኔስትን ለመግዛት በጃንዋሪ 2014 ያስታወቀው ዋጋ 3.2 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ያኔ ኩባንያው ከተቋቋመ አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በ2018 ሃኒዌል የቤት ዕቃዎች ክፍሉን ሬዚዲዮ በሚባል ራሱን የቻለ ኩባንያ አድርጎ ለየው። በ2021 ደግሞ ጀነሬተር በመሥራት የሚታወቀው ጄነራክ ኢኮቢን እስከ 770 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ዋጋ ገዛ። አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይህን ያህል ገንዘብ ለምን ያወጣል?

መልሱ ከመብራት ኃይል ድርጅቶች ዘንድ ይገኛል። በበጋ ሁሉም ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ኃይል ይጎድላል። አዲስ ማመንጫ ከመሥራት ይልቅ የሺዎችን ቴርሞስታት በአንድ ጊዜ በጥቂት ዲግሪ መቀየር ይረክሳል። ስለዚህ ድርጅቶቹ ይህን ለሚፈቅድ ደንበኛ ይከፍላሉ። በኮሎራዶ ኤክሴል ኢነርጂ የተባለው ድርጅት ለሚመዘገብ ደንበኛ 100 ዶላር፣ ከዚያም በየዓመቱ 25 ዶላር ይሰጥ ነበር። በኦገስት 2022 መጨረሻ በአንድ የሙቀት ቀን ግን ወደ 22 ሺህ የሚጠጉ ደንበኞች ቴርሞስታታቸውን ማዘዝ ተከለከሉ። ሙቀቱ ሲያስጨንቃቸው ሊያስተካክሉት ሲሞክሩ ዕቃው አልታዘዘም። ውሉን የፈረሙት ራሳቸው ናቸው፤ አንብበው የፈረሙት ስንቶቹ እንደሆኑ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

የባለሀብቱ ትርፍ ያለው እንግዲህ ከዕቃው ሽያጭ ይልቅ ከሽያጩ በኋላ በሚቀጥለው ግንኙነት ላይ ነው። የገዢውም አደጋ ያለው እዚያው ላይ ነው።

አደጋው በተግባር ሲታይ

በጃንዋሪ 2016፣ በክረምቱ መሐል፣ በኔስት ቴርሞስታቶች ላይ የተጫነ አንድ የሶፍትዌር ማሻሻያ ባስከተለው ጉድለት ባትሪያቸው አልቆ ብዙ ቤቶች ቀዘቀዙ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ደግሞ ኔስት ቀደም ሲል የገዛው ሪቮልቭ የተባለ ድርጅት አገልግሎት ተዘጋ። ሪቮልቭ የቤት ዕቃዎችን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ሣጥን በ300 ዶላር ይሸጥ ነበር። ከተዘጋ በኋላ ሣጥኑ ለምንም አልጠቀመም። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የ2025ቱ እርምጃ ለስለስ ያለ ነበር። ቢያንስ ማሞቂያው መሥራቱን ቀጥሏል፤ በአሜሪካ ለሚገኙ ባለቤቶችም አዲሱን ዕቃ ሲገዙ የ130 ዶላር ቅናሽ ቀርቦላቸዋል። በአውሮፓ ግን ጉግል አዲስ ቴርሞስታት እንደማያወጣ በዚያው ጊዜ አስታውቋል።

ለገዢ፣ ለአከራይና ለደላላ

በዋሺንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሚኒሶታ ቤት ገዝተው የሚኖሩና የሚያከራዩ ኢትዮጵያውያን ቁጥር ጥቂት አይደለም። የሃኒዌል ቴርሞስታት ታሪክ የጀመረባት ሚኒያፖሊስ ራሷ ዛሬ የብዙዎቹ መኖሪያ ናት። በዚህ ገበያ ለሚገቡ ሁሉ የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ ከመግዛት በፊት የድሮውን ቴርሞስታት ሽፋን አንስቶ ሽቦዎቹን ፎቶግራፍ ማንሳት ይገባል። በአሜሪካ አብዛኛው ማዕከላዊ ማሞቂያ የሚታዘዘው በ24 ቮልት ሲሆን፣ አዲሶቹ ዕቃዎች ለሬዲዮአቸው የማያቋርጥ ኃይል ስለሚሹ ብዙዎቹ “ሲ” የሚባለውን ተጨማሪ ሽቦ ይፈልጋሉ። በድሮ ቤቶች ይህ ሽቦ ብዙ ጊዜ የለም። በግድግዳው ግርጌ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለበት ቤት ደግሞ 120 ወይም 240 ቮልት በቀጥታ ወደ ቴርሞስታቱ ስለሚመጣ፣ የተለመደውን ዕቃ እዚያ መግጠም አደጋ ነው።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ነው። በ2022 የወጣው ማተር የተባለው የጋራ ደንብ የተለያዩ ኩባንያዎች ዕቃዎች በቤቱ ውስጥ በቀጥታ እንዲነጋገሩ ያስችላል። ይህን የሚቀበል ዕቃ አምራቹ ቢተወውም ሌላ ጌታ ሊያገኝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ አከራይ ከሩቅ ማዘዝ መቻሉ ሕግን አይሽርም። ለምሳሌ በኒውዮርክ ከተማ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 ቤቱ ቀን የውጪው ሙቀት ከ55 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲሆን ቢያንስ 68 ዲግሪ፣ ሌሊት ደግሞ የውጪው ሙቀት ምንም ቢሆን ቢያንስ 62 ዲግሪ መሆን አለበት። በስልክ ዝቅ ያደረገ አከራይ በስልኩ ላይ ማስረጃውን ራሱ አስቀምጧል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ቤት ሲሸጥ ደላላው ከቁልፉ ጋር የቴርሞስታቱን ርክክብ ማስታወስ አለበት። የቀድሞው ባለቤት ዕቃውን ከስሙ ካላወጣው ቤቱን ሸጦም ማሞቂያውን ሊያዝ ይችላል። አዲሱ ገዢ በገባበት ዕለት ዕቃውን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ ይኖርበታል።

በአዲስ አበባ ቤት በማዕከላዊ ማሞቂያ አይሞቅም። ነገር ግን ከባሕር ማዶ በሚገኝ ኮምፒውተር የሚታዘዝ ዕቃ በቴርሞስታት አያበቃም፤ የጥበቃ ካሜራም፣ የበር ቁልፍም፣ የመኪና መከታተያም በዚሁ መንገድ ይሠራል። አስመጪ የሚሸጠው ዕቃ አገልግሎት እስከ መቼ እንደሚቆይ ከአምራቹ በጽሑፍ ካልያዘ፣ አገልግሎቱ በተቋረጠ ዕለት ደንበኛው የሚመጣው ወደ ካሊፎርኒያ ሳይሆን ወደ እርሱ ሱቅ ነው።