ወንጭፍና ራኬት፦ የአወራወር ሥልት ከትከሻና ከክርን ጉዳት ጋር ያለው ግንኙነት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ጣርማበርን አልፎ ከደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በዙሪያው በተዘረጋው የይፋት ቆላ ከሚመረቱት ሰብሎች ዋነኛው ማሽላ ነው። ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር በየማሳው ማማ ይሠራል፤ ወፍ ጠባቂው፣ ብዙውን ጊዜም ልጅ፣ ወንጭፉን ይዞ ከማለዳ እስከ ምሽት ማማው ላይ ይውላል። ከወፎቹ ሁሉ የሚከፋው ግሪሳ ነው። አንዷ ግሪሳ በቀን የምትበላው 10 ግራም ያህል ቢሆንም የምትመጣው በሺህ ከሚቆጠር መንጋ ጋር ስለሆነ የጠባቂው ክንድ ዕረፍት አያገኝም።

በዚህ ወቅት የሚከሠት የትከሻና የክርን ሕመም በአብዛኛው ከሥራ ብዛት የመጣ ድካም ነው ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ የውርወራው ብዛት የምክንያቱ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ለማረምም የሚቀልለው፣ የአወራወሩ ሥልት ነው።

የሰውነትን እንቅስቃሴ በመካኒክስ ሕግ የሚመረምረው ባዮሜካኒክስ ይህን ጉዳይ በስፋት ካጠናባቸው መስኮች አንዱ የሜዳ ቴኒስ ነው። ኳስን ከራስ በላይ በመምታት ጨዋታ የሚጀመርበት ሰርቭ ለወንጭፍ ውርወራ የቅርብ ዘመድ ነው። በሁለቱም ኃይል መመንጨት የሚጀምረው እግር መሬትን ሲገፋ ነው። ከዚያም በጉልበት፣ በዳሌና በወገብ አድርጎ ወደ ደረትና ወደ ትከሻ፣ በመጨረሻም ወደ ክርንና ወደ እጅ አንጓ ይተላለፋል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የቡሄ ጅራፍ ነው። ወፍራሙ መያዣ በዝግታ ይነሣል፤ እንቅስቃሴው ወደ ቀጭኑ ጫፍ በተላለፈ ቁጥር እየፈጠነ ሄዶ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል፤ የሚሰማው ጩኸትም ከዚሁ የመጣ ነው። (ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚለው አባባል በፊዚክስም ዘንድ እውነት ሆኖ ተገኝቷል።)

በሰርቭ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት ከጠቅላላው ኃይል ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከእግር፣ ከዳሌና ከወገብ ነው። ከዳሌና ከወገብ ወደ ክንድ የሚተላለፈው ኃይል በ20 በመቶ ቢቀንስ፣ ኳሱ በዚያው ጉልበት እንዲመታ የትከሻው ፍጥነት በ34 በመቶ መጨመር ይኖርበታል። በታላላቅ ተጫዋቾች ዘንድ ክንድ በትከሻ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚሽከረከረው በሴኮንድ ከ2,000 ዲግሪ በሚበልጥ ፍጥነት ስለሆነ፣ በዚህ ላይ ሌላ ጫና መጨመር ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ከታች ያልተከፈለውን ዕዳ ትከሻ ይከፍላል።

የማማው ችግር ከዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ወለሉ ጠባብ ነው፤ እንጨቶቹም ይነቃነቃሉ። ጠባቂው እንዳይወድቅ በመሥጋት ሁለት እግሮቹን ገጥሞ፣ ደረቱን ወደ ማሳው አቅንቶ በክንዱ ብቻ ይወረውራል። ድንጋዩ ከተለቀቀ በኋላም ክንዱን በድንገት ይገታዋል። የኋለኛው ከፊተኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም በፍጥነት የሚሄድን ክንድ የማቆም ሥራ የሚወድቀው ከትከሻ ኋላ ባሉት ትንንሽ ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ላይ ነው።

በመሆኑም ማማው ሲሠራ አንድ ሙሉ እርምጃ ለመራመድ የሚበቃ ጠንካራ ወለልና የወገብ መከለያ ቢኖረው ከማንኛውም መድኃኒት ይልቅ ይጠቅማል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ጠባቂ ግራ እግሩን አስቀድሞ በጎን ይቁም፤ ዳሌው ከትከሻው ቀድሞ ይዙር። ድንጋዩን ከፍ ለማድረግ ክንዱን ወደ ጆሮው ከመስቀል ይልቅ ወገቡን ወደ ግራ ማዘንበል ይሻለዋል፤ የቴኒስ ተጫዋቾችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከውርወራው በኋላ ክንዱ ደረቱን አቋርጦ ወደ ተቃራኒው ዳሌ እስኪወርድ ይተወው። ወንጭፉ በረዘመ መጠን በተመሳሳይ የክንድ ሽክርክሪት ድንጋዩ ይበልጥ ስለሚፈጥን፣ ወለሉን እስካልነካ ድረስ ረዘም ያለ ወንጭፍና ቀለል ያለ ድንጋይ ይመረጣል። በየመሐሉ በጩኸትና ቆርቆሮ በመምታት መተካት፣ ጠባቂዎችንም ማፈራረቅ የውርወራውን ቁጥር ይቀንሳል።

በልጆች ላይ ጉዳዩ የተለየ ክብደት አለው። ከ11 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ የላይኛው ክንድ አጥንት ከትከሻው አጠገብ የሚያድግበት ክፍል ገና ያልጠነከረ ስለሆነ፣ አዋቂውን ጅማቱን የሚያሳምመው ጫና በልጁ ላይ ይህን የዕድገት ክፍል ይጎዳዋል። በአሜሪካ ቤዝቦል በሚወረውሩ ልጆች ላይ በእ.ኤ.አ. 1953 የተገለጸው ሕመም ይኸው ነው። ልጁ ሲወረውር ከትከሻው ዝቅ ብሎ ክንዱን ያመዋል፤ ቦታው ሲጫንም ይሰማዋል። ራጅ ሲታዘዝ ሁለቱንም ትከሻ አንሥቶ ማወዳደር ይገባል፤ በታመመው በኩል የዕድገቱ መሥመር ሰፍቶ ሊታይ ይችላል። ሕክምናው ሦስት ወር ያህል ከውርወራ ማረፍ ነው። በዚህ ወቅት ሥራው ለታላቅ ወንድም ወይም ለጎረቤት እንዲተላለፍ ከወላጅ ጋር መነጋገር የሐኪሙ ድርሻ ነው፤ «ዕረፍት» ብሎ በካርዱ ላይ መጻፍ ብቻ ማሽላውን ከግሪሳ አያድነውምና ምክሩ አይፈጸምም። ሕመሙ ሌሊት የሚቀሰቅስ ወይም ትኩሳት ያለው ከሆነ ግን የአጥንት ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ እንዳይሆን ሊመረመር ይገባዋል።

የክርን ሕመም በበኩሉ በአብዛኛው የአዋቂዎች ነው። በእ.ኤ.አ. 1883 በእንግሊዝ የቴኒስን ስም ቢይዝም ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ራኬት ነክተው አያውቁም። የእጅ አንጓን ወደ ኋላ የሚያነሣው ጡንቻ ከክርን ውጭኛ ጎን ከሚነሣበት ሥፍራ ላይ ጅማቱ ይጎዳል፤ ወንጭፍ አጥብቆ መያዝ፣ ማጭድና መጥረቢያም ይህንኑ ጡንቻ ያደክማሉ። ታማሚው ጣሳ ሲያነሣ ወይም ልብስ ሲጨምቅ ያመዋል። አንጓን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ እጅን ማፈራረቅ፣ ቀለል ያለ ክብደት ይዞ አንጓን በዝግታ ዝቅ ማድረግን በየቀኑ መለማመድ ይረዳል። አብዛኛው ታማሚ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሻለዋል። ብዙዎች አጥብቀው የሚጠይቁት የስቴሮይድ መርፌ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙን በፍጥነት ቢያስታግሥም፣ ከዓመት በኋላ ሲታይ ውጤቱ መርፌ ካልተወጉት የባሰ መሆኑ በተደጋጋሚ ጥናቶች ተረጋግጧል።